ክቡር አይቪን ፎቶ ሲያስነሱን

አንድ ከተማ ያለ ከንቲባ ሊኖር ይችላል። ያለ ፎቶ አስቋሚ ግን አይኖርም። ካሜራ ከቦርሳ በወጣ ቁጥር ከመሬት የሚፈልቀውን ያንን ሰው ማለቴ ነው። ማንም አልጠራውም፣ ፎቶ አንሺም አይደለም፤ ግን ሁለት እርምጃ ወደፊት ወጥቶ፣ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ፣ «አንተ ወደ ግራ! አንተ ረዥሙ፣ ወደ ኋላ!» ማለት ይጀምራል። በሰርጋችሁ ነበረ። በአባታችሁ ቀብርም ሳይኖር አልቀረም።

የእኛ ከተማ፣ የዴንማርኳ ወደብ የኤስቢየር ድርሻ ክቡር አይቪን ክሮግስጎር ናቸው። በወደቡ ሠላሳ አራት ዓመት ክሬን ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የወደብ ቀዛፊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ በወንድ ልጅ አቋቋም ላይ ያገሩ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ። አንቱ የምላቸው ለጽሑፉ ክብር ብዬ ነው። ፊት ለፊትማ አንተ ነው የምላቸው፤ በእኛ አገር ከንጉሡ በቀር አንቱ የተባለ ሰው ካለ ወይ ሊከሰስ ነው ወይ ሊቀበር ነው።

የክቡር አይቪን ትምህርት አጭር ናት። «ወንድ ልጅ ፎቶ ሲነሳ እንደ ክሬን ነው መቆም ያለበት፤ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ቀጥ! እጅ ደረት ላይ ይታጠፋል። ዓይን ባሕሩን ያያል። ባሕር ከሌለ ባሕሩ ያለበትን አቅጣጫ ያያል።»

«ፈገግታስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ አይጠፋም።

«ጥርስ ለዳቦ ነው!»

በባሕሩ ዳር ተደርድረው ውኃውን የሚያዩትን አራቱን ግዙፍ ነጭ ሐውልቶች እንግዳ በመጣ ቁጥር ወስደው ያሳያሉ። «እያቸው፣ አራት ወንዶች፤ አንዱም ጥርሱን አላሳየም!» ይላሉ በኩራት፣ ራሳቸው እንደወለዷቸው ሁሉ። ቅር የሚላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሐውልቶቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ስለዚሁ ጉዳይ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጽፈዋል ይባላል። አላጣራሁም፤ የማላጣራውም እውነት እንዳይሆን ፈርቼ ነው።

በእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ የሆነውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ሙሽራው የሙዚቃ አስተማሪ ነው፤ ለስላሳ ሰው። ካሜራው ሲነሳ ራሱን ሙሽሪት ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

«ምነው፣ አንገትህን አሞሃል?» አሉት ክቡር አይቪን።

«አይ፣ ደስ ብሎኝ ነው።»

«ደስታህን ቤትህ ገብተህ ትደሰተዋለህ። አሁን ቁም!»

ፎቶው ዛሬም ሳሎናቸው ተሰቅሏል። ሙሽሪት ትስቃለች። ሙሽራው ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ የመኪና ማቆሚያውን ያያል፤ ባሕሩ በዚያ በኩል ስለሆነ። የተረከበው ዕቃ እንዳልጎደለ የሚያረጋግጥ የጉምሩክ ሠራተኛ ነው የሚመስለው።

የማኅበራችንን ቤት ግድግዳ ያየ ደግሞ ሠላሳ ፎቶ ሳይሆን አንድ ፎቶ ሠላሳ ጊዜ የታጠበ ይመስለዋል። በየዓመቱ አሥራ አንድ ወንዶች፣ ሃያ ሁለት የታጠፉ እጆች። የሚለወጠው ነገር ቢኖር ፀጉራችን ሲሳሳ ሆዳችን መስፋቱ ነው። አንድ ዓመት ብቻ ፕሬበን የሚባለው መላጣው ጓደኛችን ፎቶው ላይ ስቆ ተገኘ፤ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤው በእጄ ነው።

«ንብ ሸሚዜ ውስጥ ገብታ ነው» አለ ፕሬበን።

«ንብ ስትነድፍህ ነው የምትስቀው?»

«ታዲያ ላልቅስልህ?»

ክቡር ሊቀ መንበሩ ትንሽ አሰቡና ማልቀስም እንደማይቻል ወሰኑ። ፎቶው እንደገና ተነሳ።

ከመንግሥት ሥራ ሁሉ አጥብቀው የሚያደንቁት የፓስፖርት ፎቶን ነው። መመሪያው ፈገግታ እንደሚከለክል ያነበቡ ዕለት ወረቀቱን ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። «አየህ ቪሊ፣ መንግሥትም አንዳንድ ቀን ይገባዋል!» አሉኝ። ከራሳቸው የፓስፖርት ፎቶ አንዱን አስተልቀው፣ በፍሬም አድርገው፣ ለጋብቻቸው በዓል ለሚስታቸው ለዩተ ሰጧት። ዩተ ተቀብላ ለረዥም ጊዜ አየችውና «የት አገር ልትሄድ ነው?» አለቻቸው።

የሆልገርን ዓሣ ሳልነግራችሁ ባልፍ ግን ታሪክ ይፈርድብኛል። የማኅበራችን አባል ሆልገር ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጁ «አባዬ፣ ብቻህን ልታረጅ ነው» ብላ ሰው ከሰው በሚያገናኝ አንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ አስመዘገበችው። ፎቶ ያስፈልጋል ተባለ። ክቡር አይቪን ለዚህ ጉዳይ ዕድሜ ልካቸውን ሲዘጋጁ የኖሩ ይመስል ነበር።

«ሴት ምን እንደምታይ ልንገርህ? ይህ ሰው ከባሕር ምግብ ማውጣት ይችላል ወይስ አይችልም፣ እሱን ነው የምታየው። ዓሣ ያዝ!»

«ዓሣ አጥምጄ አላውቅም እኮ፣ አይቪን።»

«ያዝ አልኩህ እንጂ አጥምድ መቼ አልኩህ?»

ከወደቡ ዓሣ ቤት ትልቅ ዓሣ ተገዛ። ሆዱ ተቀዶ የተጸዳ መሆኑን ማንም አላስተዋለም። ከዚያ ከባዱ ጥያቄ መጣ፦ ዓሣ የያዘ ሰው እጁን እንዴት ያጣጥፋል? ክቡር አይቪን ሩብ ሰዓት ያህል ተጨነቁ። በመጨረሻ ዓሣው ሆልገር ብብት ሥር ተወሸቀ፤ እጆቹም በላዩ ላይ ታጠፉ። ጅራቱ በአንድ በኩል፣ ጭንቅላቱ በሌላ በኩል። ሁለት ሴቶች መልስ ጻፉለት። አንደኛዋ «ዓሣው አሳዘነኝ፤ አንተስ ደህና ነህ?» ትላለች። ሁለተኛዋ ኪሎው ስንት እንደሆነ ጠየቀች።

እንግዲህ እኛ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ነው አስታ ሊንስኮው የመጣችው።

አስታ ከኦርሁስ ከተማ የመጣች ፎቶ አንሺ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቃል የምታወጣው እየቆጠበች ነው። የከተማው ባህል አዳራሽ የዚህን አካባቢ ወንዶች ፎቶ አንስታ ኤግዚቢሽን እንድታሳይ ጋብዟታል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ፣ በጥቁር ጨርቅ የሚሸፈን፣ የትንሽ ምድጃ ያህል ካሜራ ይዛ ማኅበራችን ቤት ገባች። ክቡር አይቪን መቅዘፊያ፣ ገመድና ሁለት ሰው የሚያሸክም መልሕቅ አዘጋጅተው ጠበቋት።

«ወንዶቹን እንደ መጡ ነው የምፈልጋቸው» አለች።

«እንደ መጡማ አይሆንም! አይተሻቸዋል?»

አስታ አየችን። «እንግዲያውስ አንተ አቁምልኝ» አለች።

ልባቸው ቅቤ ጠጣ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ አንሺ ሥልጣኑን በገዛ ፈቃዱ አስረከባቸው። አንድ በአንድ አቆሙን። መልሕቅ አስያዙን፤ አገጫችንን በጣታቸው አነሱ፤ «ሆድ!» ሲሉ ሆዳችን ገባ። አስታ ካሜራው ቀጭ እስኪል ትጠብቅና «አለቀ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች። ያን ጊዜ እፎይ እንላለን። ትከሻችን ይወርዳል፣ ሆዳችን ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አንዱ ጀርባውን ያካል፣ አንዱ መልሕቁን አስቀምጦ እጁን ያሻሻል። እሷ ደግሞ ከካሜራው አጠገብ ቆማ፣ ገመድ መሳይ መጫኛውን መዳፏ ውስጥ ደብቃ፣ ሌላ ቀጭ ታሰማለች። ወሬያችን ስለሚበዛ ማንም አይሰማትም።

እኔ ሰማኋት። ለብቻዋ ጠብቄ «ሁለቴ ነው የምታነሺው?» አልኳት።

«የመጀመሪያው የአይቪን ነው፤ ሁለተኛው የእኔ» አለችኝ፣ ጨርቋን እያጠፈች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶዎቹ በፖስታ መጡ፤ እንዲታዩ የምንፈቅድ ከሆነ እንድንፈርም የሚጠይቅ ወረቀትም አብሮ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸው። ፕሬበን አፉን ከፍቶ ይስቃል፣ ንብም አልነበረችም። ሆልገር ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን በራሱ መዳፍ ይዟል፤ ሌላ ሰው የያዘለት ይመስላል። እኔ ክርኔን ጨብጬ፣ የማይመጣ አውቶቡስ የምጠብቅ እመስላለሁ። ሚስቴ ከተለየችኝ አሥር ዓመት ሆኗታል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ማንም እንደዚያች ካሜራ ትክክል አላየኝም።

ሁሉም የየራሱን ፎቶ ወደ ራሱ ሳበ።

«ይህ ከኋላ መተኮስ ነው!» አሉ ክቡር አይቪን። ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል። «ሰው ጨርሻለሁ ብሎ ካረፈ በኋላ! እኔን ግን አላገኘችኝም!» እውነታቸውን ነው። እኛን ሲያቆሙ ስለዋሉ እሳቸው ካሜራው ፊት አልቆሙም። «ማንም እንዳይፈርም! የምትስማሙ እጅ አውጡ!»

ፕሬበን ፎቶውን አየት አደረገና እጁን አወጣ። ሆልገርም አወጣ። እኔም ፈሪው ከሁሉም ቀድሜ አውጥቼ ነበር። ቃለ ጉባኤውንም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩት።

ዓርብ ጠዋት አስታ ወረቀቶቿን ልትወስድ መጣች። ወረቀቶቹ ያሉት ክቡር አይቪን ቤት ስለነበር እኔ መራኋት፤ መጥፎ ወሬ ለመናገር የመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው መንገዱን ሁሉ ስለ ነፋሱ አወራሁላት። በሩን አንኳኳን። ራዲዮ ይጮሃል፤ የሚሰማን የለም። በጓሮ ዞረን የወጥ ቤቱን በር ገፋ አደረግነው።

ዩተ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ላይ ፎጣ፣ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ። ያ እጅ በፀደይ ከታመመች ወዲህ አይታዘዛትም፤ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። የማናውቀው ሌላውን ነው። ከኋላዋ ክቡር አይቪን ክሮግስጎር ቆመዋል። ከንፈራቸው መካከል ሦስት የፀጉር ስፒል፣ በአንድ እጃቸው ማበጠሪያ፣ በሌላው ሮዝ ቢጎዲን። ግማሹ ጭንቅላቷ ተጠቅልሎ አልቋል፤ ረድፉም ወደብ ላይ እንደተደረደረ ኮንቴይነር ቀጥ ያለ ነው።

ከዚህ ወዲያ አንቱታው ይቅርብኝ። ስፒል አፉ ውስጥ ይዞ፣ መናገር አቅቶት፣ ዓይኑ ፈጦ የቆመን ጓደኛ አንቱ ማለት አልችልም።

«ግቡ እንጂ!» አለች ዩተ። «በሩንም ዝጉት፣ ፀጉሬ እርጥብ ነው።»

«አይቪን፣ ይህን የት ተማርከው?» አልኩት።

«ቫርዴ» አለች እሷ፣ እሱ መናገር ስላልቻለ። «አንዲት ፀጉር ሠሪ ጋር። ረቡዕ ረቡዕ በባቡር እየሄደ። እዚህማ ሰው ያየዋል።»

ረቡዕ ረቡዕ! ለእኛ ጥርስ ሐኪም ጋር እሄዳለሁ ነበር የሚለን። ስንት ወር ሙሉ ለጥርሱ ስናዝንለት፣ ለስላሳ ዳቦ ስንገዛለት ከረምን።

አስታ ትንሿ ካሜራዋ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥላለች፤ አልነካቻትም። ነገሩን ያነሳችው ዩተ ናት።

«አንሺን» አለቻት።

አይቪን ስፒሎቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው። «አይሆንም!»

«ለምን?»

«ማኅበሩ ያየኛላ!»

«ይይህ። እኔንስ አርባ ስድስት ዓመት አጠገብህ ቆሜ አይቶኝ የለ? ምን ሆንኩ?»

«ዩተ፣ ምን ይሉኛል?»

ዩተ ዞር ብላ ልታየው ሞከረች፤ ቢጎዲኑ ያዛት። ስለዚህ ፊት ለፊቷ ላለው ግድግዳ ተናገረች። «አርባ ስድስት ዓመት አብረን ፎቶ ተነስተናል፣ አይቪን። በአንዱም ላይ አልነካኸኝም። እጅህ ሁልጊዜ ደረትህ ላይ ነው። እኔ ከጎንህ እንደ ጃንጥላ ተሰክቼ። ሰው አልበሙን ሲያይ ጎረቤታሞች ነን ነው የሚለው።»

ራዲዮው የአየር ጠባይ ያነባል። እጄን የምሰድበት ስላጣሁ የራዲዮውን ድምፅ ዝቅ አደረግኩት።

«ቤት ውስጥ እኮ…» ብሎ ጀመረ አይቪን።

«ቤት ውስጥማ አውቃለሁ። እኔ አውቃለሁ! አሁን ግን ሌላም ሰው እንዲያውቅልኝ አማረኝ። ቆንጆ ነው የምትሠራኝ። ኩራት እንዳይሰማኝ ነው የምትፈልገው?» ፎጣውን በግራ እጇ ሰብስባ፣ «ለማንኛውም ፀጉሬ ሳይደርቅ ወስን» አለችው።

አይቪን ቢጎዲኑን አየ፤ ከዚያ አስታን አየ። ደረቱን ነፋ፤ መልሶ ለቀቀው።

«ብርሃኑ ከመስኮቱ በኩል ነው የሚሻለው» አላት።

«ልክ ነህ» አለች አስታ፣ ወደ መስኮቱ እየሄደች።

«እኔስ? እኔስ ምን ላድርግ?»

እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም።

«የጀመርከውን ጨርስ» አለችው አስታ።

ጨረሰ። ከአንገቷ ሥር ያለችውን የመጨረሻዋን ዘለላ በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ በማበጠሪያው ጫፍ ለይቶ፣ እንዳያማት ትንፋሹን ውጦ ጠቀለላት። ዩተ ዓይኗን ጨፈነች። አስታ አንዴ ብቻ ቀጭ አደረገች፤ እኔ እስከማውቀው ሁለተኛ አላስፈለጋትም።

በማግሥቱ አይቪን ሁላችንንም ማኅበር ቤት ጠራን። ተቀመጡ እንኳ አላለንም። «እኔ ፈርሜያለሁ። እኔ ያለሁባት ፎቶ ከእናንተ ሁሉ የባሰች ናት። የፈለገ ይፈርም፤ ያልፈለገ ይተው። ያለፈውን ውሳኔ ቪሊ ይሰርዘዋል።» ሰረዝኩት። ቃለ ጉባኤ ስሰርዝ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፕሬበን ቀድሞ ፈረመ። ሆልገር እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ ቆየና እሱም ፈረመ።

ኤግዚቢሽኑ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ረፋድ ላይ ተከፈተ። አይቪን ሰማያዊ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ለመሸሽ እንዲመቸው በሩ አጠገብ ቆመ። ዩተ ክንዱን ይዛለች፤ ፀጉሯ ከአዳራሹ ሴቶች ሁሉ ያምራል። እነሱ ያሉበት ፎቶ በር አክሎ መጨረሻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የማኅበሩ ወንዶች ፊቱ ተደርድረው ቆሙ። አይቪን ወለሉን ያያል።

በመጨረሻ ፕሬበን መላጣውን እያሻሸ ዞረ። «አይቪን፣ ለእኔ ቀጠሮ መቼ ነው የምትሰጠኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የአይቪን ፊት ቀላ፤ ዩተ ግን ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ስትስቅ ሲያይ እሱም ሳቀ፤ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ። ጥርሶቹ ፍጹም ጤነኛ መሆናቸውንም ያን ጊዜ አየን።

ሆልገር አልሳቀም። ፎቶውን ትቶ ወደ አይቪን መጣና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስታጠብቀው አያማትም?» አለው። «የእኔዋ በመጨረሻ ጊዜዋ ፀጉሯን እንዳበጥርላት ትጠይቀኝ ነበር። ያማታል ብዬ ፈርቼ ነርሷን እጠራለሁ።»

አይቪን ትከሻውን ያዘው። እዚያው ሰው ሁሉ ፊት ያዘውና ለረዥም ጊዜ አልለቀቀውም። «ሁላችንም ፈርተናል» አለው። «እኔ የመጀመሪያ ቀን ማበጠሪያውን ጥዬዋለሁ። ና፣ ላሳይህ። የሚጀመረው ከጫፍ ነው፤ ከሥሩ ከጀመርክ ትጎትታታለህ…»

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ክብ ሠርተው ከበቡት። ከአንዷ እንግዳ የአንገት ልብስ ተቀብሎ በእስክሪብቶ እየጠቀለለ ያስተምራል። «አንተ ረዥሙ፣ ወደ ኋላ! ከኋላ ያሉት አያዩም!» ይላል። «ወንድ ልጅ ቢጎዲን ሲይዝ አይጨብጥም! ጣት ብቻ!» የጠየቀውም ያልጠየቀውም ተማረ። ዩተ መጥታ «ሰዎቹን ልቀቃቸው፣ ምሳቸውን አልበሉም» ባትለው ኖሮ አሁንም እዚያው ነበርን።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። በመስከረም ከማኅበሩ የጀልባ መውረጃ ላይ ተንሸራትቼ የቀኝ ትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። ቤቴ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም፤ በግራ እጅ ጢም መላጨት ደግሞ ለጠላትም አልመኝም። በሦስተኛው ቀን አይቪን ፊቴን በፕላስተር ተለጣጥፎ አየው። በማግሥቱ ጠዋት ዩተን ሠርቶ እንደ ጨረሰ ፎጣና ምላጭ ይዞ መጣ። ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ ይመጣል። አረፋውን በጣቱ ይቀባኛል፤ ጉንጬን በአውራ ጣቱ ወጠር ያደርጋል። የማላውቀው ነገር ያለ ይመስል ስለ ምላጭ፣ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ስለ ኦርሁስ ሰዎች ያስተምረኛል። «አትንቀሳቀስ! አንተ እንደ ፕሬበን ነህ፣ ዝም ብለህ መቀመጥ አታውቅም» ይለኛል። ሲጨርስ በሙቅ ፎጣ ፊቴን ጥርግ አድርጎ፣ ሥራውን ከግራም ከቀኝም አይቶ፣ «አሁን ሰው መሰልክ» ብሎ ይሄዳል።

ሐኪሙ ትከሻዬ ሙሉ በሙሉ እንደዳነ ከነገረኝ ሦስት ሳምንት ሆኗል። ለአይቪን እስካሁን አልነገርኩትም።